ሜኽቲልድ፦ በኃይልና በጦርነት መካከል የሌለችው «በ»

ጥያቄው፦ «የምኖረው ጀርመን አገር ነው፤ ባለቤቴም የዚሁ አገር ሰው ነው። በቅርቡ ሴት ልጅ እንወልዳለን። እሱ በአያቱ ስም ሜኽቲልድ እንበላት ይላል። ትርጉሙን በይነመረብ ላይ ስፈልግ ‹በጦርነት ኃያል› የሚል አገኘሁ። ለእናቴ ብነግራት ‹ልጅቷን ጦርነት ብላችሁ ልትጠሯት ነው?› ብላ ተቆጣች። እውነት ትርጉሙ ይህ ነው? ማቲልዳ ከሚለው ስም ጋር አንድ ነው ሲሉም ሰማሁ፤ እንዴት? ከእኛ ማኅሌት ጋርስ ዝምድና ይኖረው ይሆን?»

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ፤ ማርያም በሰላም ታገላግልሽ። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ እሱ ብዙ አያስኬድም። ማኅሌት የግዕዝ ቃል ነው፤ «ሐለየ»፣ ማለትም ዘመረ፣ አዜመ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ሜኽቲልድ ደግሞ ጀርማናዊ፣ ማለትም ጀርመንኛና እንግሊዝኛ ከወጡበት የቋንቋ ቤተሰብ የመጣ ስም ነው። ድምፃቸው ቢቀራረብም አይዛመዱም። በድምፅ ብቻ ከሄድንማ «መክት» የሚለው ስማችን የበለጠ ይቀርበዋል፤ ያውም እሱም የውጊያ ቃል ነው። ይህም ግን ግጥምጥሞሽ ነው። ከእንዲህ ያለ መመሳሰል ተነስቶ የዘር ሐረግ የሚስል ሰው ቢያጋጥምሽ እንዳታምኚው።

ወደ ትርጉሙ ስንመጣ፣ ያገኘሽው ግማሹ እውነት ነው። «ኃይል»ም «ጦርነት»ም በስሙ ውስጥ አሉ። የሌለችው «በ» ናት። እሷን የጨመሯት በኋላ ዘመን የስም መዝገብ ያዘጋጁ ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ቃል ጎን ለጎን ሲያዩ ስሜት እንዲሰጥ የሆነ ማያያዣ ሰኩበት። የእናትሽም ቁጣ በአብዛኛው የመጣው ከዚያችው ማያያዣ ነው።

እስቲ ስሙን እንፍታው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የመጀመሪያው ክፍል በጥንቱ ጀርመንኛ «ማኽት» ነበር፤ ኃይል፣ ሥልጣን፣ ችሎታ ማለት ነው። ባለቤትሽ ዛሬም ኃይልን «ማኽት» ነው የሚለው፤ የእንግሊዝኛው «ማይት»ም የዚሁ ወንድም ነው። ሁለተኛው ክፍል «ሂልድ» ውጊያ ማለት ነበር። ይህ ቃል ግን ከሰው አፍ ከጠፋ ዘመናት አልፈዋል፤ የቀረው በስሞችና በጥንት ግጥሞች ውስጥ ብቻ ነው። የዛሬ ጀርመን ጦርነትን «ክሪግ» ይለዋል። «ሂልድ» ሲባል ትዝ የምትለው ሂልደ የምትባል አክስቱ እንጂ ሰይፍ አይደለም።

«ማኽት» እንዴት «ሜኽት» ሆነ ትይኝ ይሆናል። በስሙ ውስጥ ከ«ማኽት» በኋላ የሚመጣው «ኢ» የሚል ድምፅ ከፊቱ ያለውን «ኣ» ወደ «ኤ» ጎተተው። በዚሁ መንገድ በዛሬው ጀርመንኛም «ማኽት» ኃይል ሲሆን ኃያል ግን «ሜኽቲኽ» ነው። በእኛም ቋንቋ «ኢ» ጎረቤቷን ሳትነካ አትቀመጥም፤ «ሂድ» ያልነውን ለሴት ስንለው «ሂጂ»፣ «ክፈት» ያልነውን «ክፈቺ» የምታደርገው እሷ ናት። እኛ ዘንድ ተነባቢውን ለወጠች፣ እነሱ ዘንድ አናባቢውን።

አሁን ወደ «በ» እንመለስ። እኛ ሁለት ቃል ተጋጥሞ ስም ሲሆን በመካከሉ ሰዋስው እንጠብቃለን። ኃይለ ሥላሴ የሥላሴ ኃይል ነው፤ «ኃይል» ወደ «ኃይለ» ስትለወጥ ያቺ የመጨረሻ ድምፅ ኃይሉ የማን እንደሆነ ትነግረናለች። ወለተ ማርያምም እንዲሁ። ሌሎቹ ስሞቻችን ደግሞ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናቸው፤ ማንያዘዋል፣ ስንታየሁ፣ ተዋበች። ስለዚህ «ኃይል» እና «ጦርነት» የሚሉ ቃላት በአንድ ስም ስናይ የጦርነት ኃይል፣ ወይም በጦርነት ኃያል፣ ወይም በኃይል ተዋጊ ማለት ነው ብለን ወዲያው እናገጣጥማለን። የጥንት ጀርማናውያን ባለ ሁለት ቃል ስሞች በአብዛኛው እንዲህ አይነበቡም።

ይህን የምልሽ ከራሴ አይደለም፤ ስሞቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ሂልደጉንድ የሚባል የሴት ስም አለ። «ሂልድ» ውጊያ ነው፤ «ጉንድ»ም ውጊያ ነው። ምን ብለሽ ትተረጉሚዋለሽ? «የውጊያ ውጊያ»? ፍሬደጉንድ የሚባልም አለ፤ «ፍሬደ» ሰላም፣ «ጉንድ» ጦርነት። መዝገብ አዘጋጆቹ እዚህ ሲደርሱ «ለሰላም የምትዋጋ» ዓይነት ነገር ጽፈው ያልፋሉ። ታሪክ የምታውቃት ፍሬደጉንድ የ6ኛው ክፍለ ዘመን የፍራንኮች (የዛሬዋን ፈረንሳይ የገዙ ጀርማናውያን) ንግሥት ነበረች፤ በ597 አረፈች፤ በዘመኑ ጸሐፊዎች ዘንድ ስሟ የተነሳው በግድያና በሴራ ነው። ደመኛዋ ብሩንሂልድ ደግሞ ስሟ «ጥሩር» እና «ውጊያ» ነው። የብሩንሂልድ እህት ጋልስዊንታ የንጉሥ ኪልፐሪክ ሚስት ነበረች፤ እሷ ተገድላ ንጉሡ ፍሬደጉንድን አገባ፤ ከዚያ የተነሳው ደም ትውልድ አቋርጦ ሄዶ በ613 የፍሬደጉንድ ልጅ አሮጊቷን ብሩንሂልድን በፈረስ አስጎትቶ እስኪገድላት ድረስ ዘለቀ።

ሁለቱን ቃላት የሚያገጣጥማቸው ታዲያ ምን ነበር? ቤተሰብ። ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው የስም ቃላት ነበሩ፤ ወላጆች ከነዚያ መካከል የእናት ወገንን አንድ፣ የአባት ወገንን አንድ ወስደው ለልጁ ያጋጥሙለታል። ለዚህ ከሁሉ የሚያምረው ምስክር እንግሊዝ አገር ነው። በ1095 ያረፈው የዉስተር ጳጳስ ዉልፍስታን አባቱ አቴልስታን፣ እናቱ ዉልፍጊፉ ይባሉ ነበር። አቴልስታን «ክቡር» እና «ድንጋይ» ነው፤ ዉልፍጊፉ «ተኩላ» እና «ስጦታ»። ልጁ ከእናቱ ተኩላውን፣ ከአባቱ ድንጋዩን ወሰደ። «ተኩላ ድንጋይ» የሚል ትርጉም የፈለገ ሰው አልነበረም፤ ስሙን የሰማ ሁሉ ግን የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በብራና ላይ የሰፈረ አንድ የጀርመንኛ ግጥምም ሦስት ትውልድ እንዲህ ይጠራል፤ አያት ሄሪብራንድ፣ አባት ሂልደብራንድ፣ ልጅ ሀዱብራንድ። መጨረሻው አንድ ነው፤ መጀመሪያው በተመሳሳይ ድምፅ ይጀምራል። ጆሮ ብቻውን ዘር ይቆጥራል። የአባት ስም በማይከተልበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለተኛው ክፍል የስሙን ጾታ ይወስን ነበር። «ሂልድ» በሰዋስው አንስታይ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ሲመጣ ስሙ የሴት ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ግን ወንድም ይሸከመዋል፤ ሂልደብራንድን አየሽ፤ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን አፍሪካ ላይ የነገሠው፣ ጀርማናዊ ነገድ የሆኑት የቫንዳሎች ንጉሥም ሂልደሪክ ነበር።

«እሺ፣ ግን ለሴት ልጅ ጦርነትን ምን አመጣው?» የእናትሽ ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፤ ተገቢም ነው። እነዚህን ስሞች ያወጡት መሳፍንትና ጦረኞች ነበሩ፤ ቃላቱም አዝማሪዎቻቸው ከሚያዜሙት የጀግና ግጥም ጋር አንድ ናቸው። ጦር፣ ድል፣ ዝና፣ ምሽግ፣ ተኩላ፣ ድብ፣ ቁራ። ገርትሩድ የምትባል አሮጊት ጎረቤት ካለሽ ስሟ «ጦር» (የሚወረወረው) እና «ብርታት» ነው። ሴቷ ትዘምታለች ተብሎ አይደለም፤ የተከበረ ቤት ልጅ ናት ለማለት የነበረው ቃል ይኸው ነው። እናትሽ ደምሰው፣ አሸናፊ፣ መክት የሚባሉ ዘመዶች ሳይኖሯቸው አይቀርም፤ ደምሰው የሚባለውን አጎት ቡና ሲጠጣ አይተው ደንግጠው አያውቁም።

ለእናትሽ ግን ከዚህ ሁሉ የሚሻለው የስሙ ባለቤቶች እነማን እንደነበሩ መንገር ነው። ይህ ስም በጀርመን ታሪክ ከማንም በላይ የገዳም ስም ነው።

በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በሳክሰን ምድር አንዲት ልጅ ተወለደች። እናቷ ራይንሂልድ ትባላለች፤ «ሂልድ» እዚያ አለ። አያቷ ማኽትሂልድ በሄርፎርድ ገዳም እመ ምኔት ነበሩ፤ ልጅቷም ያደገችው እሳቸው ዘንድ ነው፤ ስሟም የእሳቸው ሆነ። በ909 የመስፍኑ ልጅ ሃይንሪኽ አገባት፤ እሱ በ919 ሲነግሥ ንግሥት ሆነች። በ936 ሲሞትባት በክቬድሊንቡርግ የሴቶች ገዳም እንዲቋቋም አደረገች፤ ቀሪ ዘመኗን በምጽዋትና ገዳማትን በመትከል አሳልፋ መጋቢት 14 ቀን 968 አረፈች። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ብላ የምታስባት በዚሁ ቀን ነው። የበኩር ልጇ ኦቶ በ962 ሮም ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብሎ ዘውድ ደፋ።

ስሙ በዚያ አልቆመም። የኦቶ ልጅ፣ ማለትም የንግሥቲቱ የልጅ ልጅ፣ በ955 ስትወለድ ይህንኑ ስም ወሰደች፤ ገና በ11 ዓመቷ የክቬድሊንቡርግ የመጀመሪያዋ እመ ምኔት ሆነች። የሳክሰኖችን ታሪክ የጻፈው መነኩሴ ቪዱኪንድ ሥራውን ያበረከተው ለእሷ ነው። በ997 የወንድሟ ልጅ ንጉሠ ነገሥት ኦቶ 3ኛ ወደ ጣልያን ሲዘምት አገሩን እንደራሴ ሆና እንድትጠብቅ የተወላት እሷን ነበር። የንግሥቲቱ የልጅ ልጅ ልጅ ደግሞ በኤሰን ከተማ እመ ምኔት ነበረች፤ እሷም ማቲልዳ። በወርቅ የተለበጠ መስቀል ከወንድሟ ጋር ተስላበት እስከ ዛሬ በኤሰን ካቴድራል ይታያል፤ ከመኖሪያሽ ሩቅ ካልሆነ ሄደሽ እይው። እንዲህ አራት ማቲልዳዎች በአንድ የዘር መስመር ሲደረደሩ ሦስቱ እመ ምኔት፣ አንዷ ቅድስት ናቸው።

በ13ኛው ክፍለ ዘመንም ስሙን በጀርመንኛ መልኩ ያስከበሩ ሁለት ሴቶች አሉ። የማግደቡርጓ ሜኽቲልድ መንፈሳዊ ራእይዋን በላቲን ሳይሆን ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ጻፈች፤ ለዘመኑ ድፍረት ነበር፤ ቀሳውስቱም አልወደዱላትም። በእርጅናዋ ሄልፍታ የሚባል ገዳም ገባች፤ እዚያም የሃከቦርኗ ሜኽቲልድ የተባለች ሌላ ባለ ራእይ አገኘች። ሜኽቲልድ የሚለው ስም በጀርመን ካቶሊክ አካባቢዎች እስከ ባለቤትሽ አያት ዘመን ድረስ እንዲቆይ ከረዱት መካከል እነዚህ ናቸው።

አሁን ማቲልዳ። አዎ፣ አንድ ስም ነው፤ መንገዱ ነው የተለያየው። ጀርመን አገር የቀረው እንዳየነው ሜኽቲልድ ሆነ። በላቲን የሚጽፉ ጸሐፍት ደግሞ «ኽት» የሚለውን ድምፅ አቅልለው «ማቲልዲስ» አሉት። ከዚያ ፈረንሳይ ማቲልድ፣ ጣልያን ማቲልዴ፣ እንግሊዝ ማቲልዳ። ጀርመኖች በኋላ ዘመን ይህንኑ ከውጭ አገር የተመለሰ መልክ እንደ አዲስ ተቀበሉት፤ ለዚህ ነው ዛሬ ሁለቱም ስም ጀርመን ውስጥ ጎን ለጎን የሚኖሩት። ሰሜን ፈረንሳይ ደግሞ በአፍ ሲጠራ «ማሆ» ሆነ፤ «ል» ወደ አናባቢ ቀለጠ፤ እንግሊዝን ከወረሩት ከሰሜን ፈረንሳይ ኖርማኖች ጋር ባሕር ተሻግሮ በእንግሊዝ «ሞድ» ተባለ። በእንግሊዝ ታሪክ ማቲልዳም ሞድም ተብላ የምትጠራ ሴት ካየሽ ሁለት ሰው እንዳይመስልሽ፤ አንዱ የብራናው፣ ሌላው የአፉ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ይህ ስም ምን ያህል ክብር እንደነበረው የምታሳይ አንዲት ልዕልት አለች። የስኮትላንድ ንጉሥ ልጅ ኤዲት በ1100 የእንግሊዙን ንጉሥ ሄንሪ 1ኛን ስታገባ ኤዲት የሚለውን ትታ ማቲልዳ ሆነች። ኤዲት የተሸነፉት እንግሊዞች ስም ነበር፤ ማቲልዳ ግን የድል አድራጊው ዊልያም ሚስት፣ የአማቷ ስም። ልጇም ማቲልዳ ተባለች፤ ይህችኛዋ በ1114 የጀርመኑን ንጉሠ ነገሥት ሃይንሪኽ 5ኛን አግብታ እቴጌ ሆነች። ባሏም አባቷም ሲሞቱ የአባቷን ዙፋን ይገባኛል ብላ ከአክስቷ ልጅ ከስቲቨን ጋር ተዋጋች። የስቲቨን ሚስት ማን ትባላለች? ማቲልዳ። ያውም የእቴጌይቱ የአክስት ልጅ። በ1141 ስቲቨን ሲማረክ የእሱን ወገን ጦር አሰባስባ የታገለችው ይህች ሁለተኛዋ ማቲልዳ ነበረች። እቴጌይቱ በ1142 ክረምት ከተከበበችበት ከኦክስፎርድ ግንብ በበረዶ ላይ አምልጣ ወጣች። ዘውዱን ለራሷ ባታገኘውም ልጇ በ1154 ሄንሪ 2ኛ ተብሎ ነገሠ። «በጦርነት ኃያል» የሚለው የመዝገብ ትርጉም የሚገጥመው ሰው ከተፈለገ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሄንሪ 2ኛ ደግሞ ሴት ልጁን በእናቱ ስም ማቲልዳ ብሎ በ1168 ለሳክሰኑ መስፍን ለአንበሳው ሃይንሪኽ ዳረ፤ ስሙ በእንግሊዝ በኩል ዞሮ ወደ ተነሳበት አገር ገባ። መቃብሯ በብራውንሽቫይግ ካቴድራል ነው።

በጣልያንም የቶስካናዋ ማቲልዳ አለች፤ ከ1046 እስከ 1115 የኖረች፣ የራሷን ምድር የምታስተዳድርና ጦር የምታሰልፍ ሴት። በጥር 1077 ንጉሥ ሃይንሪኽ 4ኛ የሮማውን ሊቀ ጳጳስ ይቅርታ ሊለምን ሦስት ቀን በበረዶ የቆመው በእሷ ግንብ በካኖሳ ደጅ ነው። ባለቤትሽ «ወደ ካኖሳ መሄድ» የሚለውን አባባል ያውቀዋል፤ አንገትን ደፍቶ ይቅርታ መጠየቅ ማለት ነው።

ስሙ በሳቮያ ቤት (በኋላ የጣልያን ነገሥታት በሆኑት ቤተሰብ) እና በፖርቱጋል «ማፋልዳ» ሆነ። ይህን የማነሳው ከእኛ ታሪክ ጋር ስለሚነካካ ነው፤ በ1936 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነኝ ብሎ ያወጀው የጣልያኑ ንጉሥ ቪቶርዮ ኤማኑኤል 3ኛ ሁለተኛ ሴት ልጅ ማፋልዳ ትባል ነበር። ጀርመናዊ መስፍን አግብታ ነበር፤ በናዚዎች እጅ ወድቃ በ1944 በቡኸንቫልድ ማጎሪያ ሞተች።

እንግዲህ ወደ ቤታችሁ። እኔን ብትጠይቂኝ ስሙ የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ ዕድሜው ግን ይሰማል። ዛሬ ጀርመን ውስጥ ሜኽቲልድ ሲባል ሰው የሚያስበው ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሴት ነው፤ ማቲልዳ ግን በየመዋዕለ ሕፃናቱ እንደገና የሚጠራ ስም ሆኗል፤ የቤልጅየም ንግሥትም ማቲልድ ናቸው። ልጅቷን ማቲልዳ ብትሏት የባለቤትሽን አያት ስም አልተዋችሁም፤ ያው ራሱ ነው። ሜኽቲልድ ብላችሁ በቤት ቲልዳ ወይም ቲሊ ማለትም ይቻላል። በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ የክርስትና ስሟ ለብቻው ስለሚወጣ እናትሽ በዚያ በኩል የሚሰጉበት ነገር የለም።

አንድ የአነባበብ ነገር ላስታውስሽ። በጀርመንኛ ያ «ኽ» እንደ እኛ ከጉሮሮ አይወጣም፤ በ«ሽ» እና በ«ኽ» መካከል ያለ ለስላሳ ድምፅ ነው፤ የመጨረሻዋ «ድ»ም «ት» ተብላ ትሰማለች። ዘመዶችሽ «መክትልድ» ማለታቸው አይቀርም። በአማርኛ ስትጽፉት «ሜኽቲልድ» ቢሆን ለጆሮም ለዓይንም ይቀርባል፤ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ግን ከ«t» በኋላ ያለችውን የማትሰማዋን «h» ፊደል አስገቧት፤ የ«ሂልድ» መነሻ እሷ ናት፤ የአያትየውም ስም ከነሷ ተጽፎ እንደሆነ ከድሮ ወረቀታቸው አመሳክሩ።